ከገበሩ ሥር ያሉ ቋጠሮዎች

ሰፈሩ የሚያውቃት እትዬ ቅዳሜ በሚለው ስም ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ በሱ የሚጠራት ግን ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ በቀር ማንም የለም፤ እሱም ቢሆን በየቀጠሮው እያሳሳተ ነው።

ቅዳሜ የተባለችበት ምክንያት ቀላል ነው። ደንበኛ ጨርቁን ይዞ ሲመጣ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ፣ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ ቁመቱን ለክታ፣ በጠመኔ ጨርቁ ጥግ ላይ ምልክት አድርጋ፣ «ቅዳሜ ና» ትለዋለች። ሰኞ ለመጣውም ቅዳሜ ነው፣ ሐሙስ ለመጣውም ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ሲደርስ ልብሱ ተተኩሶና ተሰቅሎ ባለቤቱን ይጠብቃል። ልብስ ሰፊ ሁሉ «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» እያለ የሰው ጫማ በሚያስጨርስበት ዓለም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ አሳልፋ አታውቅም። ሰው ሀብት ያለው በየዓይነቱ ነው፤ የእሷ ሀብት ይህች ቃል ነበረች።

ሙያውን ያስተማሯት አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ንግግራቸው ከመርፌ የማይተናነስ ሰው። ተማሪ ሰፍቶ ሲያመጣላቸው ልብሱን በፊቱ አያዩትም። መጀመሪያ ይገለብጡታል። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ከትከሻ እስከ ጠርዝ ያንሸራትቱታል። ጣታቸው ቋጠሮ ካገኘ ቆም ይሉና በመነጽራቸው ላይ ቀና ብለው፣ «እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው? ሰው ጠራሽ?» ይላሉ። «ስፌት ከትከሻ ከተነሳ ጠርዝ ሳይደርስ አያርፍም። ፊቱማ ለሁሉም ይስቃል ልጄ፤ የሰፊ ሙያ ያለው ከውስጥ ነው።» እትዬ ቅዳሜ ይህን ቃል እንደ ጸሎት ይዛ ኖረች። እሷ የሰፋችውን ልብስ ገልብጦ ቋጠሮ ያገኘ ሰው አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአንድ ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ፣ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ መኪና ከሱቋ በላይ ያለውን ቁልቁለት እየወረደ ሳለ ፍሬን እምቢ አለው። ሹፌሩ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ጡሩምባውን እየነፋ ማርሹን ቀነሰ፤ ከታች ሰው የሞላበትን ገበያ ሲያይ መሪውን ጠምዝዞ መኪናውን ወደ አንድ ግድግዳ ላከው። ግድግዳው የእትዬ ቅዳሜ ሱቅ ነበር። እሷም እንደ ልማዷ ለብርሃኑ ብላ በሩ ሥር ተቀምጣ እየሰፋች ነበር። ግድግዳው ሲወድቅ የስፌት መኪናዋ የብረት እግር ደግፎ ይዞ ሕይወቷን አተረፋት፤ ያው ብረት ግን ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ከግንቡ ጋር አጣብቆ ሰበረው።

ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው ሆስፒታል ሊጠይቃት መጥቶ ምን እንደሚል ቢጠፋው፣ «እንግዲህ መኪና ከመኪና ተጋጨ፤ ያንቺው አሸነፈ» አላት። እውነቱን ነው፤ የስፌት መኪናዋ ቀለሟ ትንሽ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነችም ነበር። እትዬ ቅዳሜ ስትስቅ እግሯ ላይ ያለው ስፌት ሳባትና ሳቁ በእንባ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ነገር ደግሞ አንዴ እዚያ ከገባ የራሱ ዕድሜ አለው። ቀጠሮ ቀጠሮን ይወልዳል። አንድ ቀን ዳኛዋ ታመመች፣ አንድ ቀን መዝገቡ ጠፋ፣ አንድ ቀን መዝገቡ ሲገኝ መጥሪያው ጠፋ። ባለመኪናው፣ ወፍራም ቀለበት ያለው፣ ስልኩ የማያርፍ ሰውዬ፣ «ፍሬን መበጠስ የእግዜር ሥራ ነው፤ እኔን ምን አድርግ ትሉኛላችሁ?» ብሎ ተከራከረ። ሹፌሩ ግን ቀርቦ መሰከረበት። ፍሬኑ እንደላላ ሦስት ጊዜ ነግሮታል፤ ሦስተኛውን እንዲያውም በመውጫው ወረቀት ላይ ጽፎለታል። በመሰከረበት ሳምንት ከሥራው ተባረረ። ፍርድ ቤቱም ቢሆን ወረቀቱ ባይኖርም መልሱ ያው እንደሆነ ተናገረ፤ መኪና አሰማርቶ የሚጠቀም ሰው መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ከባለመኪናው ጀርባ ያለው የመድን ድርጅትም አብሮ ይጠየቃል።

ጠበቃዋ የዚያን ዕለት መተላለፊያው ላይ ቆሞ፣ «ግማሹን መንገድ ጨረስን እትዬ» አላት። ጠበቃዋ ከእሷ በዕድሜ እምብዛም የማያንስ፣ የኮቱ ክርን ያለቀ፣ መዝገቦቹን በጎማ አስሮ የሚዞር ሰው ነው። «ማን ይክፈል የሚለው አለቀ። የቀረው ስንት ይክፈል የሚለው ነው።» እትዬ ቅዳሜ ግማሹ መንገድ አንድ ዓመት ከፈጀ ሌላውም ግማሽ እንደዚያው ይሆናል ብላ ገመተች። ሁለት ዓመት ፈጀ።

የቀረው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ እግሯ ምን ያህል ተጎድቷል? ሐኪሙ በበኩሉ ተናግሯል። አጥንቱ ጠምሞ ነው የገጠመው። እንደገና ተሰብሮ በብረት መያዝ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር አይረገጥበትም። ይህ በቶሎ ካልተደረገ ጉልበቷም ተከትሎ ይሄዳል። «እስከዚያው የእግር መኪና እንዳትረግጪ» ብሏታል። እሷም አንገቷን ነቅንቃ ወጥታ በማግስቱ ግድግዳው በተጠገነው ሱቋ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ለኦፕራሲዮኑና ለስድስት ወር ዕረፍት የሚሆን ገንዘብ ከየት ይምጣ? ከካሳው ነው። ካሳው እስኪመጣ ከየት ይበላል? ከስፌቱ ነው። ክቡ ይኸው ነው፤ እሷም መሃሉ ላይ ተቀምጣ ትረግጣለች።

ታናሽ እህቷ አስተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠመኔዋ እጇ ላይ እንዳለ ሱቋ ትገባለች። ሁለቱም እጃቸው ነጭ ነው።

«እትዬ፣ ለምን እውነቱን አትናገሪም? አልችልም በያቸው።»

«ለማን ነው የምለው?»

«ለደንበኞችሽ። ለሁሉም።»

«አልችልም ላለች ሰፊ ጨርቅ የሚያመጣ ማን አለ? ዳኛዋ መቼ እንደምትፈርድልኝ አላውቅም አንቺ ልጅ። ኪራዩ ግን ቀጠሮ አያዛውርም።»

እንዲህ እያለች ትሠራለች። ግን የድሮው ስፌት አልነበረም። እግሯ ሃያ ጊዜ ያህል ረግጦ ይቆልፋል። ያን ጊዜ መዘውሩን በእጇ ይዛ መኪናዋን ታቆማለች፤ ክሩን ትቋጥራለች፤ ከዚያ በሁለት እጇ ጉልበቷን አቅፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ሕመሙ እስኪያልፍ ከንፈሯን ነክሳ ትቆያለች። ሲያልፍ ካቆመችበት ትቀጥላለች። እንዲህ ሆኖ ከትከሻ እስከ ጠርዝ ያለው አንድ ስፌት ስምንት፣ ዘጠኝ ቋጠሮ ያበቅላል። መጀመሪያ የሰፋችውን ቀሚስ ገልብጣ አውራ ጣቷን ስታንሸራትትበት፣ ሽማግሌው መምህሯ ከመቃብራቸው ቀና ብለው «እዚህ ጋ ሰው ጠራሽ?» ያሏት መሰላት። ቀሚሱን ደንበኛዋ ገልብጣ ብታይስ? ሃያ ሁለት ዓመት የተገነባ ስም በአንድ ከሰዓት ይፈርሳል።

መላ አገኘች። ገበር አስገባችበት። ድሮ ለጥጥ ቀሚስ ገበር አድርጋ አታውቅም፤ ገበር የሚባለው ለኮትና ለወፍራም ልብስ ነው። አሁን ግን ከራሷ ኪስ ስስ ጨርቅ እየገዛች የሁሉንም ሆድ ትሸፍን ጀመር። ደንበኞቹ ሲያዩት በደስታ ሰከሩ። «እትዬ ቅዳሜ እኮ ገበር በነፃ ትጨምራለች! ከአደጋው በኋላ እንዲያውም እጇ ጣፈጠ!» እያሉ ጨርቅ በላይ በላዩ አመጡላት። ቃሏንም አላጠፋችም። «ቅዳሜ ነይ» ትላለች፤ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ግን አትናገርም። መጀመሪያ የፊታችን ቅዳሜ የነበረው የወዲያኛው ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ የወዲያ ወዲያው። ሰው ሲመጣ «ቅዳሜ አላልኩሽም?» ትላለች። «ብለሽኛል» ይላሉ። ቅዳሜ መቼም አያልቅ።

ሹፌሩ በየወሩ ይመጣል። ከተባረረ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም፤ የአንድ መጋዘን ጠባቂ ሆኗል። አንድ ኪሎ ብርቱካን በፌስታል ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። «ግባ፣ ተቀመጥ» ብትለው አይገባም፤ አይቀመጥም። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እግርሽ እንዴት ነው እትዬ?»

«ደህና ነው። ለውጥ አለው።»

«ተመስገን» ይላል። ብርቱካኑን ደፉ ላይ አስቀምጦ፣ ቆቡን ወደ ግንባሩ ሳብ አድርጎ ይሄዳል። ሰላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው አካሄዱ የሽማግሌ ሆኗል። እንዲህ ላለ ሰው «ያመኛል» ብሎ ተጨማሪ ጭነት ማሸከም ምን ይባላል? እሱ የሚችለውን ጭኗል።

የመድን ድርጅቱ ነገረ ፈጅ ግን ይህንንም አወቀ። ነገረ ፈጁ ቀጭን፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ በየቀጠሮው እጇን በሁለት እጁ ይዞ «ጤናዎ እንዴት ነው?» የሚላት ሰው ነው፤ ካፉ ማር ጠብ ይላል። ሹፌሩን እንደገና አስጠርቶ ምሎ እንዲናገር አደረገው።

«ከሳሿን ከአደጋው በኋላ አግኝተዋቸው ያውቃሉ?»

«በየወሩ አገኛታለሁ።»

«ስለ እግራቸው ምን ይሉዎታል?»

ሹፌሩ ዘወር ብሎ አያት። ከማለ በኋላ ምን ይበል? «ደህና ነው ትለኛለች» አለ በዝቅታ። «ለውጥ አለው ትለኛለች።»

ጸሐፊው ቃሉን ቸክችክ አድርጎ መዝገብ ላይ አሰፈረው። «እንዴት ነሽ» ሲባል «ደህና» የማይል ሰው በዚህ ምድር ላይ ማን አለ? የሞት አልጋ ላይ ያለ እንኳ ደህና ነኝ ነው የሚለው። መዝገብ ግን ሰላምታ አያውቅም፤ የሰማውን ይጽፋል። ጠበቃዋ እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ሰክቶ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው።

ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ሴት መጣች። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ በር ገባ። ጥቁር ሰማያዊ የጥጥ ጨርቅ ይዛ፣ ቀሚስ ላሰፋ ብላ፣ ዋጋ ሲነገራት ሳትከራከር እሺ አለች። እዚያ ላይ ነበር መንቃት። በዚህ ሰፈር በልብስ ሰፊ ዋጋ የማይከራከር ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ሌላ ነገር ፈልጓል። እትዬ ቅዳሜ ግን ሳሩን እንዳየ በሬ ሆነች። ቀሚሱ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። ሴትየዋ ለብሳው መስታወቱ ፊት ስትዞር፣

«ወይ ጉድ፣ እንዲህ ያለ እጅ! እግርሽ ግን አያስቸግርሽም እንዴ?» አለቻት።

«ምን ያደርገኛል፤ የምሰፋው በእጄ ነው እንጂ በእግሬ አይደል» አለች እትዬ ቅዳሜ። ሁለቱም ሳቁ። ሴትየዋ ስትወጣ ሽቶዋ ብቻ ቀረ።

ያ ቀሚስ የመድን ድርጅቱ ማስረጃ ሆኖ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ጠበቃዋ ከቀጠሮው በፊት አወቀ። በቀጠሮው ዕለት ጠዋት መተላለፊያው አግዳሚ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ወዲያ ወዲህ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎ። ቀሚሱን ሲያሳዩዎት ረዳት ነበረችኝ ይበሉ። እኔ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ እሷ ረግጣ ሰፋችው ይበሉ።»

«የማንን ስም ልጥራ?»

«ሄዳለች ይበሉ። ልብስ ላይ የሰፊ ስም አይጻፍም።»

«ይጻፋል» አለች እትዬ ቅዳሜ።

ጠበቃው የመዝገቦቹን ጎማ ሳብ አድርጎ ለቀቀው። የደከመው ሰው መከራከር የሚጀምረው ከራሱ ጋር ነው። «ቀሚሱ የእርስዎ ነው ካሉ ዳኛዋ እኚህ ሴት ጤነኛ ናቸው ትላለች። ኦፕራሲዮኑም ይቀራል፤ እግሩም ይሄዳል። ይህን ብቻ ይወቁ።»

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ሦስት ጊዜ ዞሮ አንዴ ይንቋቋል። ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ታሻለች፤ ከፊቷ ያለው የመዝገብ ክምር አገጯ ይደርሳል። ከኋላ ወንበር ላይ እህቷና ጫማ ሰፊው ተቀምጠዋል። ጫማ ሰፊው የመጣው ለድጋፍ ነው፤ ሚስቱ ሦስት ባለ ገበር ቀሚስ አላት። መጀመሪያ ያቺ ሽቶ የተቀባች ሴት ቀርባ ያየችውንና የሰማችውን መሰከረች፤ ስለ እጅና ስለ እግር የተባለውን ቀልድ እንኳ አልዘለለችም። ቀልዱ በችሎት ውስጥ ሲነገር አያስቅም ነበር።

ነገረ ፈጁ ከላስቲክ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊውን ቀሚስ አውጥቶ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«ይህን ልብስ ያውቁታል?»

እትዬ ቅዳሜ አፏ ሳይመልስ እጇ መለሰ። ክፍሉ ሁሉ እያያት እጇ ሄዶ የተጣጠፈውን ኮሌታ አቃናው።

«የኔ ሥራ ነው።»

«ሲሰፋ የረዳዎት ሰው አለ?»

ከጎኗ ጠበቃዋ ትንፋሹን ሲይዝ ሰማችው። የጠመመውን እግሯን አሰበች፤ ሐኪሙን አሰበች። ከዚያ ኮሌታውን አየችው። እንዲህ አድርጎ የሚቀመጥ ኮሌታ ለሌለች ረዳት አይሰጥም።

«ማንም የለም።»

ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ። ነገረ ፈጁ ፈገግ አለ፤ ክፉ ፈገግታ አልነበረም፤ ሥራው ሲሳካ የሚያይ ሰው ፈገግታ ነበር።

«ባለ ገበር ነው። ከአደጋው በፊት ለጥጥ ቀሚስ ገበር ያደርጉ ነበር?»

«አላደርግም ነበር።»

«ስለዚህ ሥራዎ ከአደጋው ወዲህ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም ማለት ነው። እጥፍ ነው የሚሠሩት። ልክ ነኝ?»

ማራገቢያው ሦስት ጊዜ ዞሮ ተንቋቋ። እትዬ ቅዳሜ ወደ ኋላ ዘወር ብላ ጫማ ሰፊውን አየችው። እሱ የሰማውን ማታ ሚስቱ ትሰማለች፤ ነገ ሰፈሩ ይሰማል።

«ክብርት ሆይ» አለች ወደ ዳኛዋ ዞራ፣ «መቀስ ይሰጠኝ።»

ችሎት አስከባሪው ግራ ገባው። ስለት ወደ ችሎት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በሩ ላይ ተጽፏል። ዳኛዋ መነጽሯን መልሳ አደረገችና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየቻት። ከዚያ ለጸሐፊው ምልክት ሰጠችው፤ ጸሐፊው ከመሳቢያው ወረቀት መቁረጫ መቀስ አውጥቶ አቀበላት። ደነዝ ነበር። እትዬ ቅዳሜ እንደ ልማዷ ስለቱን በአውራ ጣቷ ሞክራ ከንፈሯን መጠጠችና የገበሩን ጠርዝ ትተረትር ጀመር።

«ክብርት ሆይ፣ ማስረጃዬን እየቀደዱት ነው!» አለ ነገረ ፈጁ ብድግ ብሎ።

«ማስረጃው እየተመረመረ ነው። ይቀመጡ» አለች ዳኛዋ።

በገዛ እጇ፣ ስታርፍ ስትነሳ የሰፋችውን፣ በእጇ ፈታችው። ገበሩን እንደ ቆዳ ገልጣ ቀሚሱን ገለበጠችው። ችሎት አስከባሪው ወስዶ ዳኛዋ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ዳኛዋ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንዱን ስፌት ከብብት ጀምራ ወደ ታች ተከተለችው። እስክሪብቶው ቆመ። ትንሽ ሄደ። ደግሞ ቆመ።

«ይህ ምንድነው?»

«ቋጠሮ ነው፣ ክብርት ሆይ።»

«ለምን ተቋጠረ?»

«ያረፍኩበት ነው።»

ዳኛዋ ቆጠረች። በአንዱ ጎን ዘጠኝ። በሌላው አሥራ አንድ። እጅጌው ላይ ስትደርስ መቁጠሯን ተወችው።

«ከአደጋው በፊትስ በአንድ ስፌት ስንት ያርፉ ነበር?»

«አላርፍም ነበር።»

«ቀሚሱን ለመጨረስ ስንት ቀን ወሰደብዎ?»

«አሥራ አንድ። ድሮ ጠዋት ከጀመርኩት ከሰዓት ይተኮሳል።»

ነገረ ፈጁ እንደተቀመጠ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቀ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ የሥራ ድምፅ አልነበረም፤ የምር የገረመው ሰው ድምፅ ነበር። «ታዲያ ገበሩን ለምን አደረጉበት?»

«እንዳይታይ።»

ከኋላ እህቷ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። ጸሐፊው «እንዳይታይ» የሚለውን ቃል ቸክችክ አድርጎ ጻፈው።

ችሎቱ ሲነሳ እትዬ ቅዳሜ እያነከሰች ወደ መዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሄደች። ሰውየው ቀሚሱን ጠቅልሎ ቁጥር እየለጠፈበት ነበር።

«ወንድሜ፣ አንዴ ገበሩን ልመልሰው? መርፌና ክር ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አስር ደቂቃ አይፈጅም።»

«እትዬ፣ ኤግዚቢት አይነካም። እንዳለ ነው የሚቀመጠው።»

«እንዲህ ተከፍቶ?»

«እንዲህ ተከፍቶ።»

ሰውየው ቁም ሳጥኑን ከፍቶ፣ ከአንድ የተሰበረ መስታወትና ከዛገ ብረት አጠገብ ወረወረው። በችሎቱ ውስጥ ከተባለው ሁሉ ይበልጥ የጎዳት ይኸ ነበር። ደረጃውን እስክትጨርስ ሁለት ጊዜ ዞራ አየች።

«ያልኩዎትን አልሰሙም» አላት ጠበቃው ከታች ሲጠብቃት። ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ ነው ወይስ ድካም ለመለየት ያስቸግራል። «በዚህ ሥራ ስኖር ማስረጃ በመቀስ ሲከፈት አላየሁም። አሸንፈናል ብዬ ልናገር አልችልም። ግን ዳኛዋ ቀና ብላ አይታዎታለች። ቀና ብላ ያየችው ሰው ጥቂት ነው።» ቀጥሎ ማስታወሻውን ገለጠ። «ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ነው።»

ሁለቱ ወር አራት ሆነ። ሰፈሩ ውስጥ ግን ወሬ ቀጠሮ አይጠብቅም። አንዳንዶቹ ገና ያልተቆረጠ ጨርቃቸውን መጥተው ወሰዱ፤ «በማንቸኩልበት ጊዜ እናመጣዋለን» አሉ፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው። ጫማ ሰፊው፣ «እኛ ደግሞ ገበሩ ፋሽን ነው ብለን ስንኩራራ!» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አንዲት ጎረቤቷ የራሷን ቀሚስ ተርትራ ይዛው መጣች። «ሃያ ሰባት ቆጠርኩ» አለች። ልትቆጣ ይሁን ልታለቅስ ራሷም ሳታውቀው በሩ ላይ ቆማ ቆየች። በኋላ፣ «ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ በየሳምንቱ እየመጣሁ ቶሎ በይ እልሽ ነበር» ብላ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች። እትዬ ቅዳሜ ገበሩን መልሳ አልሰፋችውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጥጥ ቀሚስ ገበር ማድረግ ተወች፤ ቋጠሮውም እንዳለ ይታይ ጀመር። ሥራዋ በግማሽ ቀነሰ።

ፍርዱ የተነበበው በአንድ ዝናባማ ማክሰኞ ነው። የጠየቁትን ያህል አይደለም፤ የፈሩትን ያህልም አይደለም። ለኦፕራሲዮኑና ለስድስት ወሩ ዕረፍት ይበቃል፤ ለሦስቱ ዓመት አይበቃም። ነገረ ፈጁ ይግባኝ እንላለን ብሎ ነበር፤ ቀኑ እስኪያልፍ ግን ሳይሉ ቀሩ። ለምን እንደቀሩ ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ለመደሰት ራሱ ጉልበት ይጠይቃል።

ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት በነበረው ቀን የስፌት መኪናዋን በአሮጌ አንሶላ ሸፈነቻት። ጠመኔውን፣ ሜትሩን፣ መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከታ በሩ ሥር ተቀመጠች። የሚሰፋ ነገር ሳይኖራት እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ሹፌሩ ፌስታሉን ይዞ መጥቶ እንደ ወትሮው ደፉ ላይ ቆመ።

«እግርሽ እንዴት ነው እትዬ?»

ደህና የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«ያመኛል» አለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ያመኛል።»

ሹፌሩ ቆቡን አወለቀ። እንደምትፈራው አልወደቀም፤ ፊቱም አልተለወጠም። ቀስ ብሎ ደፉን ተሻገረና የብርቱካኑን ፌስታል መሃላቸው አስቀምጦ ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«አውቃለሁ» አላት። «ስመጣ ሁልጊዜ እዚያ ማዕዘኑ ጋ ቆም እል ነበር። የመኪናሽ ድምፅ ሲነሳ፣ ሲቆም፣ ሲነሳ፣ ሲቆም እሰማለሁ። ከዚያ ነው በርሽ ላይ የምቆመው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለዳኛዋ ለምን አልተናገርክም?»

«የጠየቁኝ የምትይኝን ነው እትዬ። የምሰማውን የጠየቀኝ የለም።»

በቁልቁለቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ማርሽ እየቀነሰ ሲወርድ ሁለቱም ጆሯቸውን ሰጡ። መኪናው በሰላም አለፈ። ከዚያ እትዬ ቅዳሜ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ የታመመውን እግሯን ዘርግታ፣ ፌስታሉን ወደሱ ገፋችለት።

«በል አንዱን ላጥልኝ» አለችው። «ዛሬ እጄም ደክሞታል።»